ነቀምቴ ላይ ያፏጨው መስመር

ነቀምቴ፣ መስከረም 23 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለውድ ኤሱማዬ፣ ለእናቴ ወንድም ለአቶ ነመራ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከእናቴ ከአዮ በቀለች ጀምሮ እስከ ጎረቤቱ ድረስ፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን። ሰፈራችን ጨለለቂም እንደተዉዋት ናት፤ ጭቃዋ እንኳ አልቀነሰም።

ኤሱማ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ሰላም ለማለት ብቻ አይደለም፤ ተቸግሬ ነው። የምሠራበት የመድኃኒት ማከፋፈያ ቢሮ ከውጭ አገር ረጂዎች ኮምፒዩተር ተሰጥቶታል። አብራውም ሞደም የሚሏት አንዲት ጥቁር ሳጥን መጥታለች። የመድኃኒት ትእዛዛችንን በስልክ መስመር አሳልፋ አዲስ አበባ ላለው መጋዘን በጽሑፍ ታደርሳለች አሉን። እስከ ዛሬ ትእዛዙ በአውቶቡስ ሄዶ መድኃኒቱ እስኪመጣ ድረስ በሽተኛው ወይ በራሱ ይድናል ወይ ይቀበራል። ኃላፊያችን አቶ ሞረዳ «አንቺ ታይፕ ትችያለሽ፣ ይኸም ያው ታይፕ ነው» ብለው እኔ ላይ ጣሉት። ያው ታይፕ! እሳቸው ምን አለባቸው!

ሳጥኗ የሚጠመዘዝም የሚጫንም ነገር የላትም። የምትታዘዘው በጽሑፍ ብቻ ነው። AT ብዬ ስጽፍላት OK ትለኛለች፤ እስከዚህ ተግባብተናል። «ደውይ» ስላት ግን NO DIALTONE ብላ ታኮርፋለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አንድ ቀን እንዲያውም በኦሮምኛ ሰደብኳት። ያው ናት። እርስዎ እዚያ አገር እንጀራዎ ይኸው ስለሆነ ዘዴውን ይጻፉልኝ።

ለፋሲካ የደወሉ ቀን አዮ ቴሌ ስላልመጣች እንዳዘኑ ከድምፅዎ አውቄያለሁ። ኑኑ ቁምባ የሚባል አገር ለቅሶ ሄዳ ነው። ሹራብ ሳይለብስ እንዳይወጣ በይው ብላለች።

የእህትዎ ልጅ ድርቤ

*

ዳርምሽታት፣ ጀርመን፣ ኅዳር 25 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለድርቤ፤

ሰላም ከቤታችሁ አይጥፋ። ደብዳቤሽ መንገድ ላይ አርጅቶ ደረሰኝ። ፖስታው አንዴ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ይመስላል፤ የነቀምቴ ሙጫ ደካማ ነው መሰለኝ።

ሳጥንሽን አትስደቢያት፣ ጥፋቷ አይደለም። እሷ የተሠራችው ስልኩ ሲነሳ መስመሩ «ቱ...» ብሎ የሚያዜምበት አገር ነው። ያን ዜማ ካልሰማች መስመሩ የሞተ ይመስላታል። ነቀምቴ ግን ስልኩ ሲነሳ የሚመጣው ዜማ ሳይሆን «አቤት፣ ማንን ላገናኝ?» የምትል ሴት ናት። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ እንደ ወትሮው የስልኩን እጀታ አዙረሽ ቴሌዋ አዲስ አበባን ታገናኝሽ። ከወዲያ ያለው ሳጥን ሲያፏጭ ስትሰሚ ATX1D ብለሽ ጻፊ። «ዜማ አትጠብቂ፣ ዝም ብለሽ ግቢ» ማለት ነው። የእናንተዋም መልሳ ታፏጫለች። ከዚያ ሁለቱ ይግባባሉ።

እኛ እዚህ ከዚህ ፉጨት ልንገላገል ነው። መስመሩ ዲጂታል እየሆነ ነው፤ ድምፁም ጽሑፉም ቁጥር ሆኖ ይሄዳል፣ ኮሽታ የለውም። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ለእንዲህ ያለው መስመር ሳጥን ትእዛዝ መጻፍ ነው። ሰሞኑን ደግሞ እዚህ አገሩን ለሁለት የከፈለው ትልቅ ግንብ ፈርሶ ሕዝቡ እየተቃቀፈ ሲያለቅስ አየሁ። ሃያ ዓመት ያላየውን ወንድሙን መንገድ ላይ ያገኘ ሽማግሌ ነበር። ቆሜ ሳየው አመሸሁ።

ለየካቲት 10፣ ቅዳሜ፣ ስልክ አስይዣለሁ። እህቴን ይዘሽ ቴሌ ነይ። ለቅሶ አለ እንዳትይኝ፤ በዚያ ቀን ማንም እንዳይሞት ለጎረቤት ንገሪልኝ። አንድ ቃል ከአፏ ብሰማ ይበቃኛል።

ነመራ

*

ነቀምቴ፣ የካቲት 20 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለውድ ኤሱማዬ፤

እንዴት ሰነበቱልን? የእናት አባትዎ አምላክ ይጠብቅዎ። እኛ ደህና ነን፤ ሳጥኗ ግን ጉድ አፍልታለች!

እትዬ ተናኜን ሳያውቋት አይቀሩም። ከጎጃም መጥታ እዚሁ የቀረችው የቴሌዋ ናት፤ የከተማው ስልክ ሁሉ በእጇ ነው የሚያልፈው። አገናኘችኝ። አዲስ አበባ አፏጨ። ትእዛዝዎን ጻፍኩ። የእኛዋም አፏጨች፣ CONNECT አለች! እልል ልል አፌን ስከፍት፣ ጆሮዬ ላይ በያዝኩት ስልክ እትዬ ተናኜ መስመሩ ውስጥ ገብታ «ማነው የሚያፏጭብኝ? ስድ አደግ!» ብላ ገመዱን መነጨቀችው።

ባለትዳር ሴት ላይ በስልክ ይፏጫል ወይ ብላ ቢሯችንን አላገናኝም አለች። አቶ ሞረዳ ሽማግሌ ይዘው ሄዱ፤ ስለ ሳጥን ይቅርታ ሊጠይቁ! «የምታፏጨው ሳጥኗ ናት» ቢሏት «ሳጥን ከንፈር አላት እንዴ? የወንድ ሰበብ!» አለቻቸው። በመጨረሻ ራሷ ቢሯችን መጥታ፣ ወንበር ስባ፣ ሳጥኗን አየቻት። ጆሮዋን አስጠግታ ሰማቻት። «በሉ እሺ፣ የእናንተ ፈረንጅ እንደዚህ ከሆነ የሚያወራው፣ ተውት» አለች። ታረቅን።

ግን አሁንም ሥራው አላለቀም። እትዬ ተናኜ በየሦስት ደቂቃው መስመር ገብታ «ጨርሳችኋል?» ትላለች። ልማዷ ነው፣ ሥራዋም ነው። ድምጿ ሲገባ ፉጨቱ ይደፈርሳል፣ ሳጥኗም NO CARRIER ብላ ትዘጋለች። ተዪ ብላት «ሰው ሳያወራ መስመር ይዞ ቢቀር ማን ይጠየቃል?» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

የካቲት 10 በስልክ እንደነገርኩዎ አዮን ጉንፋን ይዟት ነው የቀረችው። አሁን ተሽሏታል። በጣም ሰላም ብላዎታለች።

ድርቤ

*

ዳርምሽታት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1982 ዓ.ም.

ድርቤ፤

ለመላው ቤተሰብ ጤና እመኛለሁ።

በተናኜ ብቻዬን ሳቅኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ምን ሆነ ብለው አዩኝ፤ ብተረጉምላቸውም አልገባቸውም።

መፍትሔው ATS10=255 ነው። ይህ ቁጥር ሳጥኗ ፉጨቱ ሲጠፋባት ምን ያህል ጊዜ እንደምትታገሥ የሚወስን ነው። 255 ካልሻት ፉጨቱ ቢጠፋም እንዳልጠፋ ቆጥራ መስመሩን ይዛ ትቀመጣለች። ተናኜ ጠይቃ ስትወጣ እንደገና ይቀጥላል። የተበላሸውን ጽሑፍ ደግመሽ ላኪ። ሴትየዋን ከሥራዋ አታጣያት።

ስለ ሳጥን ይህን ያህል። ስለ ሰው ደግሞ ልንገርሽ። ልቤ ቆስሏል ድርቤ። ለአምናው ፋሲካ ለቅሶ። የካቲት ላይ ጉንፋን። ካቻምና «ገበያ ናት» ነበር። ሰላም ብላሃለች የምትይኝን ሁሉ አንቺው ከራስሽ የምትጨምሪው ይመስለኛል። እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እህት ከጨለለቂ እስከ ቴሌ መምጣት አቃታት? ተቀይማኝ ከሆነ ተቀይማለች በይኝ። ሬሳዬን እንኳ እንዳያይ ብላም ከሆነ እንደዚያው በይኝ። እዚህ አሥር ዓመት ከፈረንጅ ጋር ስኖር ማንም ያላወቀው ቁስል ነው፤ አንቺ ግን እውነቱን ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።

ከእንግዲህ ስልክ አላስይዝም።

ነመራ

*

ነቀምቴ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለኤሱማዬ፣ በዶክተር ዋቅወያ እጅ፤

ይህ ወረቀት በፖስታ አልመጣም። ዶክተር ዋቅወያ እዚያ ለስብሰባ ስለሚመጡ ካልሲያቸው ውስጥ ይዘውልኝ ነው፤ ሽታውን ይቅር ይበሉኝ። አንብበው ያቃጥሉት።

አዮ አልተቀየመችዎም። አዮ አትሰማም።

እርስዎ ከምሥራቁ ጀርመን ወደ ምዕራቡ የተሻገሩ ጊዜ የመንግሥት ሰዎች መጥተው ወሰዷት። «ወንድምሽ የት ገባ?» ነው ጥያቄው። ታውቅ ነበር፤ አላውቅም አለች። በግራም በቀኝም ጆሮዋን ነበር የሚመቷት። ስትፈታ አንደኛው ትንሽ ይሰማ ነበር፤ ከዓመት በኋላ እሱም ጠፋ። እኔ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ገዝቼላት በጠመኔ እየጻፍኩ ነው የምናወራው። መናገር ግን እንደ ድሮዋ ትናገራለች፤ እንዲያውም ራሷን ስለማትሰማ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል።

ምዬ ነው የደበቅኩዎ። «ከሰማ ይመጣል፣ ከመጣ ይይዙታል» ብላ በመጽሐፍ ቅዱስ አስማለችኝ። በደወሉ ቁጥር ቴሌ ሄጄ የምዋሸው እኔ ነኝ፤ ቤት ስመለስ ደግሞ «ድምፁ እንዴት ነበር? ወፍሯል?» እያለች ስትጠይቀኝ የምታድረው እሷ ናት። ደብዳቤዎ ሲመጣ ደስ ይላታል፤ ግን «ይህን ሲጽፍ የነበረው ነመራ አሁን ታሞ እንደሆነስ?» ትላለች። ያለፈውን ደብዳቤዎን ሳሳያት አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። መሐላዬን ያፈረስኩት በዚያ ነው። እግዚአብሔር ይየኝ።

አሁን የማስቸግርዎ ይኸውልዎ። 255ቱ ሠርቷል። ትእዛዛችን አዲስ አበባ ደርሶ የወባ መድኃኒት በሳምንቱ መጣልን። ያን ቀን አዮ ምሳዬን ይዛልኝ ቢሮ መጥታ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚጽፈው ሰውዬ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ፊደሉ አንድ በአንድ የኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ ሲመጣ አየች። «ይኸን የሚጽፈው ሰው አሁን እዚያ ተቀምጧል?» አለችኝ። አዎን ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። «አሁን? በሕይወት?» አለችኝ። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ቢሆንም ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለተማረች ትለየዋለች። ከዚያ ወዲህ ምሳ በየቀኑ ታመጣለች፤ እኔ እኮ ቤት ሄጄ ነበር የምበላው።

የእርስዎ ሳጥን የእኛን ሳጥን ልትጠራ ትችላለች?

ድርቤ

*

ዳርምሽታት፣ መስከረም 20 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለልጄ ለድርቤ፤

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንላችሁ። በሰው እጅ የላክሽው፣ ካልሲ የሚሸተው በርበሬ ደርሶኛል። ብቻዬን በላሁት። ዓይኔን አጠፋው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ አልገባሁም። ከእንግዲህ ግን እንዲህ ያለውን በርበሬ አትደብቂብኝ።

ስለ ጠየቅሽኝ የቴክኒክ ጉዳይ፦ ይቻላል። የእኔ ዲጂታል መስመር ከነቀምቴ ጋር አይግባባም፤ ቋንቋው ሌላ ነው። ሌት ተቀን ትእዛዝ ብጽፍለት እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዕቃ ቤት የተጣለ አሮጌ ሞደም አውጥቼ አቧራውን አራግፌ ከተራ የስልክ መስመር ጋር አያይዤዋለሁ። ያፏጫል። እንደዚያ ያለ መልካም ፉጨት ሰምቼ አላውቅም።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ፣ በእናንተ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቢሯችሁ ቁጥር እደውላለሁ። አቶ ሞረዳ የመሣሪያ ሙከራ ነው ብለው ለቴሌ ያሳውቁልኝ። በአዲስ አበባ በኩል ስለሚመጣ መስመሩ ደካማ ነው፤ በዝግታ ጻፉ። አስቀድመሽ ATS10=255 በያት። ፉጨቴን ስትሰሚ ATA ጻፊ፤ «መልሺለት» ማለት ነው። ሌላ ምንም አትንኪ።

ወንበሩን ለእሷ አስጠጊላት።

ነመራ

*

ዳርምሽታት፣ ኅዳር 16 ቀን 1983 ዓ.ም.

ድርቤ ልጄ፤

ዛሬ የደብዳቤ ሰላምታ የለኝም፤ ያለኝን ሁሉ ትናንት ጨርሻለሁ። አንቺ ከአጠገቧ ነበርሽ፤ እኔ የሰማሁትን ግን አንቺም አልሰማሽም፣ እሷም አልሰማችም። ስለዚህ በእኔ በኩል የነበረውን ስሚኝ።

ፉጨቱ ሲገጥም የመጀመሪያውን ቃል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ስሟን ነበር የምጽፈው። ከዚያ ጠበቅኩ። «አለሁ» የሚል መጣ። ፊደሎቹ በጣም ተራርቀው ስለመጡ የእሷ ጣት መሆኑን አወቅኩ፤ አንቺ እንደዚያ አትጎተቺም። «ነመራ ነኝ። ታይኛለሽ?» አልኳት። «አይሃለሁ» አለችኝ። ድርቤ፣ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። ሰው ሲደሰት እንዴት እንደሚሆን ረስቼው ነበር። ገና ስለ ጤናዋ መጻፍ ስጀምር ከአዲስ አበባ አንዷ ገብታ «ሀሎ፣ ጨርሳችኋል?» አለች። መስተዋቴ በማይነበብ ምልክት ተሞላ። ብጽፍ፣ ብጽፍ የሚመለስ የለም። ፉጨቱ ጠፋ፤ መስመሩ ግን አልተዘጋም። ስልኩን አነሳሁት።

አንቺ «ኤሱማ፣ ተበላሸ! ኤሱማ፣ ይሰሙኛል?» ስትይ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኮሽ አለ፣ ቀጥሎም እሷ። ጮክ ብላ፣ ልክ ከወንዝ ማዶ እንደምትጠራኝ። «ነመራ! አካም ጅርታ? ፈያ ዳ?» እንዴት ነህ? ደህና ነህ? አለችና ዝም አለች። የመልስ ያህል ጠበቀች። ይገባሻል? አትሰማኝም፤ ግን ደንቡን ጠብቃ እስክመልስ ዝም ትላለች። «ፈያ፣ ነጋ ዳ!» ደህና ነኝ፣ ሰላም ነው ብዬ ጮህኩ። እሷም እንደሰማ ሰው ቀጠለች። ቤትህስ? አለች፤ ጠበቀች፤ ደህና ነው አልኳት። ጎረቤቶችህስ? ደህና ናቸው። ከብቶቹስ? አይ በቀለች! እዚህ ምን ከብት አለኝ? ደህና ናቸው፣ ሳሩም ጥሩ ነው አልኳት። እየሳቅኩም እያለቀስኩም አንዱንም ሳልዘል መለስኩላት። እስከ ዛሬ አትሰማም ብለን ስልክ ስንከለክላት፣ እኔ እኮ መስማት እችል ነበር! ይህ እንዴት ለማናችንም ሳይታየን ቀረ?

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዮም ዱፍታ?» አለችኝ። መቼ ትመጣለህ? አለችና፣ ዝም።

እኔም ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እዚህ አልጽፈውም። እመጣለሁ ብል ውሸት፣ አልመጣም ብል አፌ እምቢ አለኝ። አትሰማም እኮ፣ የፈለግኩትን ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩም። እሷ ግን የመልስ ያህል ጠበቀችና «ቶሌ»፣ እሺ አለች። «ቶሌ፣ ነመራ። ቶሌ።» ደስ ብሏታል፤ ከድምጿ አውቃለሁ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ድርቤ፣ እሺ ያለችው ለምንድን ነው? ምን አለኝ ብላ ነው? እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጠይቂያትና ያለችሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

ነመራ

*

ነቀምቴ፣ ጥር 26 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለውድ ኤሱማዬ፤

ጌታ እድሜዎን ያርዝምልን። ደብዳቤዎ ዘገየ፤ ያም ሆኖ ያዘዙኝን ፈጽሜያለሁ።

አልዋሽዎም፣ ዝም አልኩ የሚለውን ሳነብ ተናድጄብዎ ነበር። ሰው ምን ይላል፣ «እንጃ እህቴ» እንኳ አይልም? ከዚያ የእርስዎን ቦታ አሰብኩና ንዴቴ ወደ ሌላ ዞረ። ወዴት እንደዞረ እኔም አልጽፈውም።

ሰሌዳውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ኤሱማ መቼ እመጣለሁ አለሽ?» ብዬ ጻፍኩላት። ሳታስብ «ከክረምቱ በፊት» አለችኝ። «በምን ሰማሽው?» ብዬ ጻፍኩ። እንደ ሞኝ አየችኝ። «መስማት ለምን ያስፈልገኛል? ነመራ እህቱ ጠይቃው ሳይመልስ አይቀርም» አለች። «ደግሞ ሩቅ ቀን ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይመልስ ነበር። ያመነታው ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።» ያመነታው አለችኝ ኤሱማ። ዝም ማለትዎን በምን እንዳወቀች ብጠይቃት ስልኩ እጇ ላይ እንዳልተንቀጠቀጠ ነገረችኝ፤ ሲናገሩ ይንቀጠቀጥ ነበር አለች። እኔ አልገባኝም፤ እርስዎ የስልክ ሰው ነዎት፣ ይገባዎት ይሆናል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን እረፍት የለውም። የኋለኛዋን ክፍል ኖራ አስቀባች። ልብስ ሰፊውን ሽብሩን ጠርታ የአልጋ ልብስ አሰፋች። ትናንት ደግሞ ገበያ ላይ ለእትዬ ተናኜ «ወንድሜ ሊመጣ ነው» ብላ ጮክ ብላ ስትነግራት መቶ ሰው ሰማ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ተናኜ ግን እጇን ይዛ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት።

ትናንት ማታ እውነቱን ልነግራት ወስኜ «ዝም ነው ያለው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። የአልጋውን ልብስ ጥልፍ እያየች ነበር፤ ቀና ሳትል በእጄ አጠፋሁት። እኔ አልችልም ኤሱማ። ወይ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፣ ወይ ይምጡ። እዚህ ዝናቡ የሚጀምረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው።

ድርቤ